ለሞተር ሳይክል ማደሪያና መጠገኛ የሚሆን የቤት ጋራዥ በደሴ ክረምት

የጦሳ ሥር መምህር፣ ግንቦት 6

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር የምኖር መምህር ነኝ፤ በኩታበር መንገድ ወዳለው ትምህርት ቤቴ የምመላለሰው በ150 ሲሲ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ነው። ትምህርት ከተዘጋበት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ድረስ ሞተሯ ከግቢ ብዙም አትወጣም። ባለፈው ክረምት ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው የማገዶና የከሰል ክፍል ውስጥ በፕላስቲክ ሸፍኜ አቆምኳት። በመስከረም ስገልጣት ባትሪዋ ሞቷል፣ ካቴናዋ ዝጎ አልታጠፍ ብሏል፣ በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ቀይ የዝገት ዱቄት ተጠራቅሟል፣ በአየር ፊልትሮው ሳጥን ውስጥ ደግሞ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። ለጥገናው ያወጣሁት ገንዘብ ከአንድ ወር ደመወዜ አይተናነስም። ያሳዘነኝ ግን ከገንዘቡ ይልቅ፣ በብዙ ድካም የገዛኋትን ንብረት በገዛ ቤቴ ውስጥ ማበላሸቴ ነው።

ዘንድሮ ሐምሌ ሳይገባ ያችን ክፍል ለሞተር ማደሪያና ለቀላል ጥገና እንድትሆን አድርጌ ላሰናዳት ወስኛለሁ። ክፍሏ 2.80 በ4.20 ሜትር ስትሆን ግድግዳዋ በባሕር ዛፍ እንጨት የቆመ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ አፈር ነው። የጀርባ ግድግዳዋ ተቆርጦ ከተደለደለው ገደል ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረውም። መስኮት የላትም፤ በሯ 85 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ አንድ አምፖል አለ። ገንዘቤ ውስን በመሆኑ የሥራ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ አንድ ሞርሳና የተሟላ የመፍቻ ስብስብ በመግዛት ልጀምርና ሌላውን ቀስ በቀስ ላድርሰው ብዬ አስቤ ነበር። ልምድ ያላችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መካኒክ ከኮምቦልቻ፣ ግንቦት 6

መምህር፣ ሰላም ለቤትዎ። ከ20 ዓመት በላይ ሞተር በመጠገን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የደረሰብዎትንም በየዓመቱ መስከረም ላይ ከደሴ ወደ እኔ በሚወርዱ ሞተሮች ላይ አየዋለሁ። የዘረዘሯቸው ጉዳቶች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ከአይጧና ከባትሪው በቀር ዋናው መነሻቸው አንድ ነው፤ እርጥበት ገብቶ መውጫ አጥቷል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ቀን በክፍሉ ውስጥ የታመቀው እርጥብ አየር ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ማለዳ ታንኩ ላይ የሚያዩት ጤዛ እሱ ነው። ታንኩ ግማሽ ከሆነ ያው ጤዛ በውስጡም ይፈጠራል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርድና ብረቱን ከሥር ይበላዋል። ፕላስቲኩም ከአፈሩ ወለል የሚነሣውን እንፋሎት አፍኖ ይዞ ሥራውን አግዞታል። ቆርቆሮው የሚያፈስ ካልሆነ አሮጌ አንሶላ ወይም ያለቀ ጋቢ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ አቧራ ይከለክላል፣ አየር ያሳልፋል።

ስለዚህ ጠረጴዛውንና ሞርሳውን ለጊዜው ይተዉት። ገንዘብዎን አስቀድመው ወለሉ ላይ፣ ከዚያ አየር መተላለፊያው ላይ፣ ቀጥሎም በሩ ላይ ያውሉት። እርጥብ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ መፍቻም እንደ ሞተሯ ይዝጋል። ስለ ወለሉና ስለ ግድግዳው ግንባታ የሚያውቅ ሰው ቢናገር ይሻላል፤ እኔ በሞተሯ በኩል ያለውን ልንገርዎ።

ከመቆሟ በፊት ዘይቷን ይቀይሩ። የተሠራበት ዘይት ከቃጠሎ የመጣ አሲድና ውሃ ስለሚይዝ ለሦስት ወር በሞተሩ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። አዲሱን ዘይት ከጨመሩ በኋላ ሞተሩ እስኪሞቅ ነድተው ይመልሷት። በዚህ አጋጣሚ ዘይት ሲገዙ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ በእንዲህ ዓይነት ሞተሮች ላይ ፍሪሲዮኑ በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ያንሸራትቱታል። ታንኩን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ ይሙሉትና የነዳጁን ቧንቧ ይዝጉ፤ ከዚያ በካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈትተው የቀረውን ቤንዚን ያውጡት። በካርቡሬተር ውስጥ የተኛ ቤንዚን ተንኖ የሚተወው ሙጫ መሰል ነገር ቀጫጭን ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ካቴናውን በነጭ ጋዝ ያጽዱና አድርቀው ዘይት ያልብሱት። ካቴና በቤንዚን የሚያጥቡ ሰዎች አሉ፤ ለእጅዎም ለቤትዎም አደጋ ነውና አያድርጉት።

ባትሪውን ሲፈቱ መጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ ያውልቁ፤ ሲመልሱ መጨረሻ ላይ ይሰሩት። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ያሳያል። በወር አንድ ጊዜ ይለኩት፤ ከ12.4 በታች ከወረደ ይሙሉት። የሚሞላበት አምፔር ባትሪው ላይ ከተጻፈው መጠን አንድ አሥረኛውን አይለፍ፤ ለምሳሌ 5 አምፔር ሰዓት ቢሆን በግማሽ አምፔር ማለት ነው። ባዶ ሆኖ የሰነበተ ባትሪ የውስጥ ሰሌዳዎቹ ስለሚደድሩ ተመልሶ አይነሣም።

ነርስ ከወልዲያ፣ ግንቦት 7

መምህር፣ ስለ ሞተሯ ጋሼ በሚገባ ነግረውዎታል። እኔ ስለ ቤተሰብዎ ልናገር፤ ክፍሏ የማገዶና የከሰል ማስቀመጫ መሆኗን፣ ደግሞም ከማድ ቤቱ ጎን መሆኗን ሳነብ ልቤ ደንግጧልና። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ በበር ሥርም ያልፋል። ለቡና ከሰል ሲያያዝ ምድጃው የሚቀመጠው ወለል ላይ ነው። በሰፈራችን አንድ ወጣት ከሞተሩ ቤንዚን ወደ ሳህን እየቀዳ ሳለ በሚቀጥለው ክፍል ቡና እየተፈላ ነበር። እሳቱ ወደ እሱ መጣ እንጂ እሱ ወደ እሳቱ አልሄደም። ሁለቱም እግሮቹ ተቃጠሉ፤ ቁስሉን ለወራት ያጠብኩት እኔ ነበርኩ።

በክፍሏና በማድ ቤቱ መካከል በር ወይም ስንጥቅ ካለ ምንም ሌላ ሥራ ሳይጀምሩ ይድፈኑት። ከሰሉና ማገዶው ከዚያች ክፍል ለዘለቄታው ይውጡ። በተጠባባቂነት የሚያስቀምጡት ቤንዚን ካለም በውሃ ጀሪካን ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ አይሁን፤ ልጅ ውሃ መስሎት የጠጣበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ነገር ጭሱ ነው። በሩ ተዘግቶ ሞተር ለአምስት ደቂቃ እንኳ አይነሣ። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፣ ከዚያ ሰውየው ለመውጣት አቅም ያጣል። ብርድ በሚጠናበት ሰሞን ከሰል ይዘው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ሞተሯን ማስነሣት ሲፈልጉ ወደ ግቢ ያውጧት።

ግንበኛ ከሐይቅ፣ ግንቦት 8

መምህር፣ የቤትዎን አቀማመጥ በዓይኔ ያየሁት ያህል ነው፤ በደሴ ገደሉን ቆርጦ ያልተሠራ ቤት ጥቂት ነው። የእርስዎ ዋና ችግር ከጣሪያው ሳይሆን ከጀርባ ነው የሚመጣው። ከተራራው የሚወርደው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ የጀርባውን ግድግዳ ሥር ያርሰዋል፤ ከዚያም ወለሉን እንደ ጨርቅ እያራሰ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ሳይያዝ በላዩ ኮንክሪት ቢያፈስሱ ኮንክሪቱ ራሱ ያልባል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከቤቱ ውጭ ነው። በገደሉና በግድግዳው መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ያስቆፍሩ፤ የቦዩ ወለል ከክፍሉ ወለል ዝቅ ማለት አለበት፤ አንዱ ጫፉም ወደ ግቢው ዝቅተኛ ቦታ መውጫ ይኑረው። ውስጡን በጠጠር ሙሉት። ነገር ግን ግድግዳው ጭቃ ነውና ከሥሩ አጠገብ ሙሉውን ርዝመት በአንድ ቀን አያስቆፍሩ። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሜትር ተቆፍሮ ጠጠሩ ከገባ በኋላ ወደሚቀጥለው ሜትር ይኬዳል። ዝናቡ ከከበደ በኋላ ይህን ሥራ አይንኩት፤ ጊዜው አሁን ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃም በአሸንዳ ተይዞ ከዚያ ቦይ ርቆ ይፍሰስ።

ወደ ወለሉ ስንመጣ፣ ያለውን አፈር ቆፍረው አውጥተው 25 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ሶሊንግ ያስደርድሩ፣ ክፍተቱን በጠጠር ያስሞሉ፣ በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ ያንጥፉ፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ያፍስሱ። ለክፍልዎ ወደ 1.2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይበቃል፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ሆኖ ሲቦካ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 8 ወይም 9 ከረጢት ይወስዳል። ሲጠናቀቅ ወለሉ ከውጭው መሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከጀርባ ወደ በሩም በአንድ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ፤ ሞተሯን ሲያጥቡም ሆነ ዝናብ ተሸክማ ስትገባ ውሃው በራሱ ይወጣል።

የኛ ሰው ወለል ሲያሠራ ሊሾው እንደ መስታወት እንዲያበራ ይወዳል። ለሳሎን ያምራል፤ ለዚህ ክፍል ግን አይሆንም። ዘይትና ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል፣ የሞተሯም የጎን መቆሚያ ይከዳታል። ሳይደርቅ በመጥረጊያ እየተጎተተ ሸካራ ይሁን። ከፈሰሰ በኋላ ለሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ፤ በእርጥብ ጆንያ መሸፈንም ይረዳል። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ስለሆነ ከሰኔ መግቢያ አይለፍብዎ።

ግድግዳውን ከውስጥ በሲሚንቶ እንዲለስኑት የሚመክርዎ ሰው ይኖራል። እባክዎ አያድርጉት። ጭቃ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ውሃውን ከኋላው አፍኖ ይይዝና በሁለት ክረምት ሰሌዳ ሰሌዳ ሆኖ ይወድቃል። ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይለሰንና በላዩ ኖራ ይቀባ፤ ይተነፍሳል፣ ክፍሉንም ብሩህ ያደርገዋል።

የባቲ ነዋሪ፣ ግንቦት 9

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኛ ባቲ ቆላ ስለሆንን ጤዛና እርጥበት ብዙ አያሳስበንም፤ ሞተሬን የማቆመው በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው። የሚያስቸግረኝ ሙቀቱና አቧራው ነው። ጎማው ይሰነጣጠቃል፣ ለሁለት ሳምንት ከቆመች ካልተገፋች አትነሣም። ከላይ የተባለው ለእኔም ይሠራል?

መካኒክ ከኮምቦልቻ፣ ግንቦት 9

አብሽር ወንድሜ፣ የእርስዎ መፍትሔ ይቀልላል። በሙቀት ቤንዚኑ ከካርቡሬተሩ በፍጥነት ስለሚተን የነዳጁን ቧንቧ በቆመች ቁጥር መዝጋት ይልመዱ፤ ለመነሣት የምታስቸግርዎ በአብዛኛው በዚህ ነው። ታንኩን ግን እኔ ለመምህር እንዳልኩት አይሙሉት፤ ቤንዚን ሲሞቅ ስለሚሰፋ በክዳኑ በኩል ይወጣል። ጎማውን የሚሰነጥቀው ፀሐይ ነውና ዳሱን በምዕራብ በኩል በሰሌን ይከልሉት። የአየር ፊልትሮውንም ደሴ ካለው ሰው በእጥፍ ቶሎ ያጽዱ።

የቴክኒክ ተማሪ፣ ግንቦት 11

ክቡራን፣ ሁለት ሐሳብ ላቅርብ። የመጀመሪያው፣ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሞተሯን በገመድና በመዘውር ከጣሪያው እንጨት ጋር አንጠልጥሎ ጎማዋን ከወለል ማንሣት ይቻላል፤ ለሥራም ይመቻል። ሁለተኛው ስለ መብራት ነው። መሐል ላይ ያለ አንድ አምፖል ሁልጊዜ የሠራተኛውን ጥላ በሥራው ላይ ይጥላል። ሁለት ረጃጅም ኤልኢዲ መብራቶች በግራና በቀኝ ግድግዳ አናት ላይ ቢሰቀሉ ጥላው ይጠፋል፤ ከጣሪያውም አንድ ቆርቆሮ በብርሃን አስተላላፊ ሽፋን ቢተካ ቀን ላይ መብራት አያስፈልግም፤ መብራት በሚጠፋበት ጊዜም ሥራው አይቆምም።

ግንበኛ ከሐይቅ፣ ግንቦት 11

ልጄ፣ ስለ መብራቱ ያልከው ትክክል ነው። ማንጠልጠሉን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የጭቃ ቤት ወራጅ የተሠራው ቆርቆሮ እንዲሸከም ነው፤ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር በአንድ እንጨት ላይ ሲንጠለጠል እንጨቱ ባይሰበር እንኳ ግድግዳው ይገፋል። ቦክሰር የመሐል መቆሚያ አላት፤ በእርሷ ቀጥ ብላ ስትቆም አንዱ ጎማ ከወለል ይነሣል፣ ከሌላው በኩል የእንጨት ጉማጅ ማስገባት ነው። የጎን መቆሚያ ብቻ ላላቸው ሞተሮች ከአርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት ባለ አራት ማዕዘን) ብረት የተበየደ ዝቅተኛ መቆሚያ ማንኛውም የብየዳ ቤት ይሠራዋል።

የጦሳ ሥር መምህር፣ ግንቦት 12

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሰሉና ማገዶው ትናንት ወጥቷል፤ ከማድ ቤቱ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ቀዳዳም በጭቃ ተደፍኗል። ባለቤቴ የእኅታችንን የነርሷን መልእክት ካነበበች በኋላ ሥራው እስኪጀመር ሞተሯን በግቢው ዳር አስወጥታታለች፤ ልክ ናት። ጋሼ፣ አየር መተላለፊያው የት የት ይሁን? ደግሞስ መስኮት ብከፍት ሌባና አይጥ እንዴት ይከለከላል? ባትሪ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይሞታል ብሎ ጎረቤቴ የነገረኝስ እውነት ነው?

መካኒክ ከኮምቦልቻ፣ ግንቦት 12

መምህር፣ ከባትሪው ልጀምር። ሲሚንቶ ባትሪ ይገድላል የሚባለው መያዣዎቹ ከድሮ ጠንካራ ጎማ ይሠሩ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነገር ነው። የዛሬው የፕላስቲክ መያዣ ነው፤ የትም ቢቀመጥ ባትሪ በራሱ ጊዜ እየደከመ ይሄዳል። የእርስዎ የሞተው ሳይለካና ሳይሞላ ሦስት ወር ስለተኛ ነው። ሆኖም ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጡት ለመለካት ይቀልልዎታል። ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ በሩን ከፍተው ይሙሉት።

አየሩን በተመለከተ፣ ነርሷ እንዳሉት የቤንዚን ትነት ወለል ላይ ስለሚተኛ ከፍ ያለ መስኮት ብቻ አያወጣውም። ከወለሉ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በበሩ በኩል ባለው ግድግዳ አንድ፣ በጎኑ ግድግዳ አንድ፣ ጡብ የሚያህል ቀዳዳ ይክፈቱ፤ ወደ ማድ ቤቱ አቅጣጫ ግን በፍጹም አይሁን። ከዚያ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሌላ ሁለት ይክፈቱ። አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል፤ ትነቱም ከታች ይወጣል። ቀዳዳዎቹን በብረት ወንፊት ይሸፍኗቸው፤ የወንፊቱ ዓይን ከ6 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት፣ የአይጥ ግልገል ጣት በማያስገባ ቀዳዳ ታልፋለችና። በክረምቱ ጊዜ የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ይድፈኑትና መሪው ላይ ምልክት ይሰሩ፤ በመስከረም ረስቶ ማስነሣት አለ። አይጥ የምትመጣው እህል ወይም ጭድ ፍለጋ ስለሆነ ለበጎች የሚሆን መኖ በዚያች ክፍል አያስቀምጡ።

ሶኬቱና ማብሪያ ማጥፊያው ከወለል ቢያንስ 1.20 ሜትር ከፍ ይበሉ፤ ማብሪያውስ ከበሩ ውጭ ቢሆን እመርጣለሁ። ለእሳት የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ከበሩ አጠገብ ይሰቀል፤ ክፍሉ መጨረሻ ላይ ከተሰቀለ እሳቱን አልፈው ሊያነሡት ነው። ከእሱ ጋር አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ይኑር። በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፤ እሳቱ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይሰፋል።

ነርስ ከወልዲያ፣ ግንቦት 13

ጋሼ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቅ። ክፍሏ ከማድ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ ከሆነ ታንኩን ሞልቶ ማቆም አደጋውን አይጨምርም? እኔ ባዶ ብትሆን እመርጣለሁ።

መካኒክ ከኮምቦልቻ፣ ግንቦት 13

ተገቢ ጥያቄ ነው እኅቴ፤ በእኛ ሙያ ውስጥም ሰዎች የሚለያዩበት ነው። ብዙዎች የማያስቡት ነገር፣ አደገኛው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ መሆኑን ነው። ግማሽ ታንክ በትነት የተሞላ ሰፊ ባዶ ቦታ አለው፤ የሞላ ታንክ የለውም። የሞላው ታንክ አደጋ የሚሆነው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ነው። ስለዚህ መምህር ሞልተው፣ ቧንቧውን ዘግተው፣ ከሥሯ ነጭ ካርቶን አንጥፈው ሁለት ሌሊት ያሳድሯት። ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ ከታየች ቧንቧው ይቀየር፤ እስኪቀየር ድረስ ታንኩ ይውረድና ቤንዚኑ ይገልበጥ። ባዶ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ታንኩ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ የሞተር ዘይት ጨምሮ በየአቅጣጫው እያገላበጠ ግድግዳውን ማልበስ አለበት፤ እንዲሁ ባዶውን ቢተወው በአንድ ክረምት ይዝጋል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። የማያስኬደው በግማሽ መተው ነው።

አንዳንዶች ደግሞ በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ አስነሥተው ያጠፏታል። ይህ ከመርዳት ይልቅ ይጎዳል፤ ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ ሲጠፋ ከቃጠሎ የወጣው ውሃ በማርሚታውና በዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ወይ ፀሐይ የወጣ ቀን ለ20 ደቂቃ ይንዷት፣ ወይ ፈጽሞ አያስነሷት።

የጦሳ ሥር መምህር፣ ሰኔ 9

ወለሉ ፈስሶ ውሃ ጠጥቶ ጨርሷል። የቦዩን ቁፋሮ አንድ አንድ ሜትር እያልን ስናካሂድ ሠራተኞቹ ጊዜ ማባከን መስሏቸው ነበር፤ ሦስተኛው ሜትር ላይ ከገደሉ ሥር ውሃ ሲፈልቅ ሁሉም ተረዱት። በሩን 1.20 ሜትር አስፍቼ ከላሜራ አሠርቻለሁ፤ ከ16 ሚሊ ሜትር ብረት የታጠፈ ቀለበትም ኮንክሪቱ ሲፈስ እንዲቀበር አድርጌያለሁ፤ ሞተሯ በሰንሰለት ከእሱ ጋር ትታሰራለች። አሁን የቀረችኝ ገንዘብ ትንሽ ናት። መሣሪያ ልግዛ ብል ከየትኛው ልጀምር?

መካኒክ ከኮምቦልቻ፣ ሰኔ 9

እንኳን ለዚህ አበቃዎ። 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር መፍቻ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ጥሩ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ የጎማ ፖምፓ ከንፋስ መለኪያው ጋርና አንድ የቮልት መለኪያ ይበቃሉ። ሃያ ርካሽ መፍቻ ከሚገዙ ስድስት ጥሩ መፍቻ ይግዙ፤ የላላ መፍቻ የዳዶውን ጠርዝ ያከብበውና ከዚያ በኋላ በመሮ ካልሆነ አይፈታም። ሞርሳ ለዓመት ይቆይ። መሣሪያዎቹን የሚሰቅሉበት ሰሌዳ በጭቃው ግድግዳ ላይ ከመቸንከር ይልቅ በሁለት ቋሚ እንጨት ላይ ይሥሩት።

የተለወጠውን ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን ያጠራቅሙ እንጂ ወደ ቦይዎ አይድፉት። ደሴ ላይ የተደፋ ዘይት በዝናብ ታጥቦ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከና ደግሞ በእኛ በኮምቦልቻ ያልፋል፣ ከብትም ይጠጣዋል። ሲሞላ ይዘውልኝ ይውረዱ፤ ከእኔው ጋር አስወግድልዎታለሁ።

የጦሳ ሥር መምህር፣ ሐምሌ 19

ሞተሯ ከገባች ሦስት ሳምንት ሆናት። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጠዋት ስገባ ታንኩ ላይ ጤዛ የለም፤ ባትሪው 12.6 አካባቢ ነው፤ ካርቶኑም ንጹሕ ነው። ነገር ግን በስተኋላ በግራ ጥግ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ወለል ጠቁሮ አይቻለሁ። በጣት ሲነካ ይቀዘቅዛል እንጂ ውሃ አያወጣም። ልስጋ?

ግንበኛ ከሐይቅ፣ ሐምሌ 19

መምህር፣ ያ ጥግ ከቦዩ መውጫ በጣም የሚርቀው ጫፍ ነው? ከሆነ ውሃው እዚያ እየተኛ ነው ማለት ነው። አሁን ቁፋሮ አይጀምሩ። በዚያ ጥግ በኩል ከገደሉ አናት ላይ፣ ከቤቱ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ አንድ ጥልቀት የሌለው ቦይ በዶማ ያስወጡና ከላይ የሚመጣውን ውሃ ወደ ጎን ያዙሩት፤ ይህ በግማሽ ቀን ያልቃል። የጠቆረውን ቦታ ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩበት። በሳምንቱ ከመስመሩ ካለፈ ይጻፉልኝ፤ ከሐይቅ ደሴ ሩቅ አይደለም፣ መጥቼ አየዋለሁ።

የጦሳ ሥር መምህር፣ ሐምሌ 27

ከላይ ያለው ቦይ በዚያው ሳምንት ወጥቷል። የጠቆረው ቦታ ከእርሳሱ መስመር በሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። ሞተሯን ግን እስኪደርቅ ድረስ ከዚያ ጥግ ግማሽ ሜትር አርቄያታለሁ።